አሥራ ሁለት ድስት

ሰቆጣ ላይ መብራት የሚሄደው ሰው አጥብቆ ሲፈልገው ነው። ይህ የራሴ ግኝት ነው፤ ማንም ዋቢ አድርጎ እንዳይጠቅሰኝ። የአያቴ ተዝካር በወጣ ማግስት፣ ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ ድርግም ሲል፣ ላፕቶፔ ላይ የቀረኝ ባትሪ 38 ከመቶ ነበር። ፕሮግራሜ የደረሰው 6,100ኛው ዙር ላይ ነው፤ 10,000 መድረስ አለበት። ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል። አክስቴ ሻማ ይዘው መጡና በሩ ላይ ቆሙ።

«ምን በልቶ ነው እንዲህ የሚያቃስተው?»

«ሜሞሪ ነው የሚበላው፣ እትዬ።»

«ታዲያ ስጠዋ።»

«ያለኝን ሁሉ ሰጥቼው ጨረሰ።»

«እንግዲያው የበላበትን ይመልስ!» አሉና ወደ ጓዳ ተመለሱ።

እሳቸው የሚያስቡት ስለ ሌላ ዕቃ ነው። ጓዳቸው ውስጥ ለተዝካሩ የተዋስነው 12 የእድር ብረት ድስት ጥላሸቱን እንደለበሰ ተደርድሯል፤ እንቅልፍ የነሳቸውም እሱ ነው። 7,000 ላይ ሳይደርስ ላፕቶፔ ቀጥ ብሎ ቆመ። አይጤው አይንቀሳቀስ፣ ሰዓቱ አይቆጥር። ጣቴን የማጥፊያው ቁልፍ ላይ ጭኜ፣ የአንድ ሌሊት ሥራ ሲጠፋ በጨለማ አየሁ።

ሥራዬን ላስተዋውቅ። ዝናብ እቆጥራለሁ። ይበልጥ እውነቱን ለመናገር፣ ሌላ ሰው በየማለዳው ከመለኪያ ቀድቶ የመዘገበውን ዝናብ ተቀብዬ፣ ስንቱ መሬት ገባ፣ ስንቱ ተነነ፣ ስንቱ ወደ ተከዜ ወረደ እያልኩ እሟገታለሁ። ሰቆጣ ያለችበትን ዋግን የሚያውቅ ሰው ሙግቱ ቀልድ እንዳልሆነ ያውቃል። ክረምቱ አጭር ነው። የዘነበው ደግሞ ራቁቱን በቆመ ተራራ ላይ ወርዶ አፈሩን ይዞ ገደል ይገባል። ገበሬው እርከን እየካበ ሊይዘው ይታገላል፤ ያመለጠው ታች ወርዶ 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ ጀርባ ይተኛል። የሰቆጣን ስም ብዙ ሰው የሰማው በ2007 ዓ.ም. በታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ነው፤ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት እንዳይቀነጭሩ መንግሥት የገባው ቃል። የሕፃን ቁመት ከዝናብ ቁጥር ጋር ምን አገናኘው የሚል ካለ፣ አንድ ክረምት ዋግ መጥቶ ይክረም።

ይህን ሁሉ የማሰላው በፎርትራን ነው። ሌሎች ፕሮግራም ጸሐፊዎች ይህን ስነግራቸው «አሁንም አለ እንዴ?» ይሉኛል፣ ስለ አንድ የቀድሞ ሚኒስትር እንደሚጠይቅ ሰው። አለ። የጆን ባከስ ቡድን አይቢኤም ውስጥ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1957 ካወጣው ጀምሮ አልሞተም። የነገን ዝናብ የሚተነብየው ደብሊውአርኤፍ የሚባለው ሞዴል ፎርትራን ነው። ጄፍ አርኖልድና ባልደረቦቹ ቴክሳስ ውስጥ ለአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የሠሩት ስዋት፣ የጣናንም የተከዜንም ተፋሰስ ያጠና የኛ አገር ተማሪ ሁሉ የሚያገላብጠው ስዋት፣ ሆድ ዕቃው ሲከፈት ፎርትራን ነው። ስለ ዋግ ውሃ የተጻፈ ስንት መመረቂያ ጽሑፍ፣ ባለቤቱ ሳያውቀው፣ አባቱን በሚያህል ቋንቋ ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል።

እኔ ግን በስዋት ብቻ ረክቼ መቀመጥ አልቻልኩም። በዘመናዊው ፎርትራን፣ በዕቃ ተኮሩ አጻጻፍ፣ የራሴን ልሠራ ተነሳሁ። ጣጣው ከዚህ ይጀምራል። ወደ ድስቱ ልመለስ።

የሰፈራችን እድር (ወደ ወሎ ዝቅ ስትሉ ቅሬ ይሉታል) ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ሳህንና ብርጭቆ አለው፣ ትልልቅ ብረት ድስቶች አሉት። ዕቃ ቤቱን ለብዙ ዓመት የያዙት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እሳቸው አይጽፉም። ድስት ከማን ቤት ወደ ማን ቤት እንደሄደ፣ የየትኛው ጆሮ እንደተሰበረ፣ በማን ሰርግ እንደተሰበረ ያውቃሉ። ጠፋ የተባለ ዕቃም አልነበረም፤ በኋላ እንደገባኝ፣ የሚቆጥር ስላልነበረ ነው። ዘንድሮ መስከረም ላይ እሳቸው በእርጅና ተዉና ቦታውን አንዲት አካውንቲንግ የተማረች ልጅ ያዘች። መዝገብ አወጣች። በእያንዳንዱ ድስት ቂጥ በቀይ ቀለም ቁጥር አስጻፈች። የወሰደ ይፈርማል፣ ያልመለሰ ይቀጣል። ቤተሰቡም ተሰብስቦ «ኮምፒውተር የተማረው እሱ ነው» ብሎ የተዋስነው ዕቃ የሚመዘገብበትን ደብተር ለኔ ሰጠ። ኮምፒውተር መማር ከድስት ጋር ምን እንዳገናኘው አልጠየቅሁም፤ ከተማ የተማረ ሰው ቤት ሲመጣ የተሰጠውን ይቀበላል።

የኮምፒውተር ሜሞሪም የእድር ዕቃ ነው። ፕሮግራም ሲቸግረው «አሎኬት» ብሎ ይወስዳል፣ ሲጨርስ «ዲአሎኬት» ብሎ ይመልሳል። የ1957ቱ ፎርትራን መዋስ አያውቅም ነበር፤ ስንት ድስት እንደምትፈልግ ድግሱ ሳይታሰብ ትናገራለህ፣ ያው ነው። መዋሱ በወጉ የመጣው በፎርትራን 90 ነው። ፎርትራን 95 አንድ ደግነት ጨመረ፦ «አሎኬተብል» ብለህ የወሰድከውን፣ ሥራህን ጨርሰህ ከንዑስ ፕሮግራሙ ስትወጣ፣ ብትረሳ እንኳ ኮምፓይለሩ (የጻፍከውን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው) ራሱ ይመልስልሃል። «ፖይንተር» ብለህ የያዝከውን ግን አይነካም። ፖይንተር ዕቃው አይደለም፤ ዕቃው ወዳለበት የተቀሰረ ጣት ነው። ወደዚያው ዕቃ ስንት ሌላ ጣት እንደተቀሰረ ኮምፓይለሩ በምን ያውቃል?

ስለዚህ በፎርትራን 2003 «ፋይናል» መጣ። ፋይናል ኑዛዜ ነው። «ይህ ነገር ሲሞት እንዲህ ይደረግለት» ብለህ ጽፈህ ታስቀምጣለህ። አንተ አትጠራውም። ሟቹ መቼ እንደሞተ አይቶ ኑዛዜውን የሚያስፈጽመው ኮምፓይለሩ ነው። የሞት ዓይነቱ ደግሞ ብዙ ነው፦ ዲአሎኬት ሲባል፣ ንዑስ ፕሮግራሙ ሲያልቅ፣ በእኩል ምልክት አዲስ ነገር ሲተካበት፣ እንዲሁም ፈንክሽን ያመጣው ውጤት አገልግሎ ሲያበቃ። እኔ «ጣቢያ» የሚል ዓይነት ፈጠርኩ። እያንዳንዱ ጣቢያ የ30 ዓመት ዕለታዊ ዝናብ፣ ወደ 11,000 የሚጠጋ ቁጥር፣ በፖይንተር ይጠቁማል። ሲሞት ያንን ዝናብ የሚያስለቅቅ ኑዛዜ ጻፍኩለት። ኩራቴን አትጠይቁኝ። ጣቢያዎቹ 12 ናቸው፤ አንድ ዙር ወደ አንድ ሜጋባይት ይወስዳል፣ ሲያልቅ ይመልሳል፣ ሌላው ዙር ይቀጥላል። 10,000 ጊዜ ቢዞር ምን ችግር አለው?

ችግሩ፣ አንዱም ዙር አልመለሰም። ላፕቶፔ ያለው 8 ጊጋባይት ነው። 7,000 ዙር በሜጋባይት ሲባዛ ምን እንደሚሆን የአክስቴ የልጅ ልጅም ያሰላዋል።

እሱን ስጠራ ነው የገባኝ። በማግስቱ ጠዋት ያንን ልጅ፣ የሰባት ዓመት ነው፣ «ድስቱን ለእድር መልስ» ብዬ ላክሁት። ደስ ብሎት ሮጠ። ከሩብ ሰዓት በኋላ አንድ ድስት ራሱ ላይ እንደ ቆብ ደፍቶ ተመለሰ። ይዞ የሄደው አንድ ድስት ነው፤ ልጅቷም «12 ወስዳችሁ አንድ ትመልሳላችሁ? ሁሉንም አንድ ላይ አምጡ» ብላ መልሳዋለች።

«አሥራ ሁለቱንም አላልኩህም?»

«ድስቱን ነው ያልከኝ» አለኝ።

በአማርኛ «ድስቱን መልስ» ሲባል አሥራ ሁለትም ቢሆን ያለው ሁሉ ነው። ልጁ ግን የሰማኝ በፎርትራን ነው። የፎርትራን ደንብ እንዲህ ይላል፦ ኑዛዜው ለአንድ ነጠላ ነገር የተጻፈ ከሆነ፣ የነገሮች ድርድር ሲሞት አይፈጸምም። ወይ ለድርድሩ ልክ መጻፍ አለበት፣ ወይ «ኤሌመንታል» ተብሎ ለእያንዳንዱ በየተራ እንዲደርስ መፈቀድ አለበት። የኔ ኑዛዜ ለአንድ ጣቢያ የተጻፈ ነበር፤ የሞቱት ጣቢያዎች 12 ናቸው። ኮምፓይለሩ ቅር አላለውም፣ ስህተት ነው አላለኝም። ኑዛዜውን ከእልፍኝ ሰቅሎ 12ቱን ሬሳ ዝም ብሎ አሳለፈ። ይህን ደንብ ያወጡት ሰዎች ምክንያት ይኖራቸዋል። እኔ ግን ቢያንስ አንድ ሳል ማሳል ነበረበት እላለሁ።

ሁለት ቃል ጨመርኩ፣ «ኢምፒዩር ኤሌመንታል»። መብራት እስኪመጣ ጠብቄ አስነሳሁት። ማራገቢያው ዝም። ሜሞሪው እንደ ጸበል ጠርሙስ ከአንድ ቦታ ሳይወርድ ሳይወጣ 10,000 ዙር ጨረሰ። አክስቴን አቅፌ ሳምኳቸው። «መለሰ እንዴ?» አሉኝ። «መለሰ እትዬ!» «ታዲያ የኛስ ድስት?»

የኛ ድስት መንገድ ቀየረ። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ጎረቤታችን ቅዳሜ ክርስትና አለባቸው። 12 ድስት እድር ቤት ተሸክሞ ወስዶ፣ በሦስተኛው ቀን ያንኑ 12 ድስት ተሸክሞ ከማምጣት፣ ከኛ ጓዳ ወደነሱ ጓዳ ቢያልፍ ማንን ይጎዳል? ማንንም። አጎቴም «ይሻገር» አሉ። የጎረቤታችን ልጅ ደብተር ይዞ መጣ፤ እኔም ገጼን አሳየሁት፣ ቁጥሩን አንድ በአንድ ገለበጠ። ከ1 እስከ 12። ከዚያ ወጣቱ ዕቃ ቤት ሄዶ ድንኳንና ሳህን ሲወስድ ያንን ገጽ አሳይቷል፤ የእድሩ ልጅም 12 ድስት በነሱ ስም ጽፋለች። ይህን አላወቅሁም። የኔ ደብተር ገጽ እንዳለ ነው፤ የነሱም እንዳለ ነው። ሽማግሌው ቢሆኑ ኖሮ «ከነ እገሌ ቤት ወስደዋል፣ አውቃለሁ» ብለው ያልፉት ነበር።

በዚያው ሳምንት ፕሮግራሙን በቴሌግራም አዲስ አበባ ላለ ጓደኛዬ ላክሁለት፤ የሱ ማሽን ከኔ ይበረታል። ማታ ደወለ።

«ለመሆኑ» አለኝ፣ «ዋግ ውስጥ 12ቱም ጣቢያ ላይ እኩል ነው እንዴ የሚዘንበው?»

በዋግ ከአንዱ ሸንተረር ዘንቦ ማዶ ያለው በአቧራ የሚጋረድበት ቀን ስንት ነው! «ምን ማለትህ ነው?»

«የአሥራ ሁለቱም ቁጥር አንድ ነው። የመጨረሻው ጣቢያ ዝናብ ሁሉም ላይ ዘንቧል። ደግሞ አንደኛው ዙር ሲያልቅ ደብል ፍሪ ብሎ ሞተ።» የተመለሰ ዕቃ ዳግመኛ ሊመለስ ተሞከረ ማለቱ ነው።

«እኔ ጋ ይሠራል» አልኩት። ይህ ሐረግ ከፕሮግራም ጸሐፊ አፍ ሲወጣ ጥፋቱ የተናጋሪው እንደሆነ በዓለም ሁሉ ይታወቃል። እኔ ግን ማሽኑን ሰደብኩ፣ እሱን ሰደብኩ፣ ስልኩን ዘጋሁ። አጎቴ ፊቴን አይተው በነጋታው «ና እንሳለም» ብለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ወሰዱኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ውስጡ የደረቁ አስከሬኖች በሣጥን ተቀምጠዋል፣ የዋግ ሹማምንት ናቸው ይባላል። ቆሜ ሳይ፣ ሞቶ ያልተለቀቀ ማለት ይህ ነው ብዬ አሰብኩና ወዲያው አፈርኩ። አጎቴ እየጸለይኩ መስሏቸው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ከዚያ ስንመለስ የእድሩ ልጅ በር ላይ ቆማለች።

«ወንድሜ፣ 12 ድስት አለብህ።»

«ጎረቤቶቻችን አልመለሱም እንዴ?»

«እነሱማ ዛሬ ጠዋት 12 መለሱ። የነሱ ተዘጋ። የናንተ ነው ያልተዘጋው።»

ዕቃ ቤት ሄድን። ጓዳው የጠላና የጭስ ሽታ አለው። እሷ አንዱን ድስት በአፉ ደፋችው። ቂጡ ላይ የክርስትናው ጥላሸት የተዝካሩ ላይ ተደርቦ እንደ ቆዳ ወፍሯል። ከምድጃው አመድ ቆነጠረች፣ ውሃ ጠብ አደረገችበት፣ በአውራ ጣቷ አሸችው። መጀመሪያ ግራጫ ጭቃ ወጣ፣ ቀጥሎ ቀይ መስመር፣ ቀጥሎ 7 ቁጥር። ወደ መዝገቡ ዞረች። 7 ቁጥር ሁለት ቦታ ተጽፏል፣ በኔ ስምም በነሱም። ሌላውንም አሸች፤ 3። እሱም ሁለት ቦታ። ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና «እናንተ የተቀባበላችሁት ወረቀት ነው እንዴ ድስት?» አለችኝ።

ልክ ነበረች። እኔም ፕሮግራሜ ላይ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ዝናቡን አንብቦ የሚያመጣ ፈንክሽን አለኝ፤ ውጤቱን በእኩል ምልክት ወደ ድርድሬ አስገባለሁ። እኩል ምልክት ደግሞ ፖይንተር ሲያይ ዝናቡን አይገለብጥም፣ ጣቱን ብቻ ነው የሚገለብጠው። አሁን ሁለት ጣት ወደ አንድ ዝናብ ይጠቁማል፣ የፈንክሽኑ ውጤትና የኔ ጣቢያ። ውጤቱ አገልግሎ ሲያበቃ ኑዛዜው ይፈጸምና ዝናቡ ይመለሳል። የኔ ጣቢያ ባዶ ቦታ ሲጠቁም ይቀራል። ቀጣዩ ጣቢያ ሲነበብ ያው የተመለሰው ቦታ እንደገና ይሰጣል፤ አሥራ ሁለቱም እዚያው አንድ ምድጃ ላይ ይጣዳሉ። ዙሩ ሲያልቅ 12ቱም «የኔን ልመልስ» ይላሉ።

እኔ ጋ ለምን ሠራ? የኔ ኮምፓይለር 9ኛው ጂፎርትራን ነበር። ጂፎርትራን ፋይናልን መቀበል የጀመረው በ4.9 ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2014፤ ያኔውኑም መፈጸም ካለበት ቦታ በከፊሉ ብቻ እንደሚፈጽም በግልጽ ተናግሮ ነበር። ከዘለላቸው አንዱ የፈንክሽን ውጤት ነው። ከፎርትራን 2018 ደንብ ጋር የተስተካከለው በ13ኛው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ነው፤ ጓደኛዬ ያለው ይኸኛው ነው። ኑዛዜ በ2003 ደንብ ሆኖ ከወጣ ወደ ሃያ ዓመት መሆኑ ነው። ሌሎች፣ በገንዘብ የሚሸጡ ኮምፓይለሮች ቀድመውታል፤ ጂፎርትራን ግን የብዙዎች የነፃ ጊዜ ሥራ ስለሆነ በዚህ አላማውም። የኔ አሮጌ ኮምፓይለር ያ ሽማግሌ ነበር። አንድ ኑዛዜ ይዘላል፣ በመዝለሉ ጥፋቴ ይሸፈናል፣ እኔም የሠራሁ ይመስለኛል። አዲሱ ደንቡን አክብሮ ሲመጣ የተሰበረው ፕሮግራም የኔ ነው፣ የተሰደበው እሱ።

እዚያው ዕቃ ቤት ሆኜ «እህቴ፣ ምን ይሻላል?» አልኳት። «ድስቱ የተሻገረ ዕለት ገጹም ይሻገር» አለች። «ገልብጠህ ሳይሆን ቀደህ ስጠው። ያንተ ደብተር ባዶ ይሁን።» የኔን ገጽ ቀደደችና የነሱ ላይ በስቴፕለር ያዘችው። ፎርትራን ውስጥ ይህ ሥራ ስም አለው፣ «ሙቭ አሎክ» ይባላል፣ እሱም የ2003 ልጅ ነው፦ ዕቃውን ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግራል፣ የፊተኛው ባዶውን ይቀራል። አልነገርኳትም። ድስት መልሼ የመጣሁ ሰው ስለ ኮምፓይለር ባወራ ቅጣቱን በእጥፍ ታስከፍለኝ ነበር።

ማታ ተቀምጬ ፖይንተሩን አውጥቼ በቦታው አሎኬተብል ተካሁ። አሎኬተብል ባለቤቱ አንድ ነው፤ በእኩል ምልክት ሲሄድ ዝናቡ ራሱ ይገለበጣል፣ ሲሞት ራሱ ይመለሳል። ኑዛዜ አያስፈልገውም። ያን ያህል የኮራሁበትን ፋይናል ከነኢምፒዩር ኤሌመንታሉ ሰረዝኩት። ለፋይል፣ ለኔትወርክ መስመር፣ ከሲ ቋንቋ ለመጣ ዕቃ ፋይናል ግድ የሚሆንበት ቦታ አለ። ለዝናብ ግን ትርፍ ነበር። ለጓደኛዬ ላክሁለት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንድ መልእክት መጣ፦ «አሁን ለየብቻው እየዘነበ ነው።»

የምሄድበት ቀን ማለዳ አጎቴ የዋግ ነጭ ማር በጣሳ ጠቅልለው ይዘው፣ አክስቴ እያለቀሱ፣ ልጁ ሻንጣዬን እየጎተተ መናኸሪያ ሸኙኝ። ሚኒባሱ ሊንቀሳቀስ ሲል አክስቴ መስኮቱን አንኳኩ።

«ጭልፋዋስ?»

«የቷ ጭልፋ?»

«የእድሯ! ግድግዳው ላይ ሰቅለሃት አልነበር?»

እውነትም ሰቅያታለሁ፤ ደብተሩ ላይ ደግሞ አልተጻፈችም። ፎርትራን ዋናው ፕሮግራም ሲያልቅ ለተረፈው ኑዛዜ አይፈጽምም፤ ቤቱን የሚጠርገው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው። ረዳቱ በሩን ጎትቶ ዘጋ። በመስታወቱ በኩል እጄን ዘርግቼ ወደ ልጁ ጠቆምኩ። እሱም ገባኝ ብሎ ራሱን ነቀነቀና ሮጠ፣ ግን ወደ እድሩ ሳይሆን ወደ ገበያው።